ለእናቷ «ተኝታለች» አልኳት፤ ልጅቷ ግን ነቅታ ነበር

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከቡታጅራ ነው። ስሜን ባልጠቅስ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው የለም። ዕድሜዬ 59 ነው። ከመምህራን ማሰልጠኛ ወጥቼ ማስተማር የጀመርኩት በ1979 ዓ.ም. ነው። 38 ዓመት ሆነኝ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያስተማርኩት አንደኛ ክፍል ነው። ገበያ ስወጣ የማረቆ በርበሬ የሚመዝንልኝም፣ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ጤና ጣቢያ መርፌ የምትወጋኝም እኔ ሀ ሁ ያስቆጠርኳቸው ናቸው። ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

ባለቤቴ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። አንድ ሴት ልጅ አለችኝ። በ2006 ሳታገባ ወለደች። አባትየው «አልክድም» እያለ ጠፋ። ሕፃኗ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት ልጄ በደላላ ቤይሩት ሄደች። ከቤት የወጣችው ሌሊት ነው። ጡት አላስጣለቻትም ነበርና ልጅቷ ሦስት ቀን አለቀሰች። እኔም አዝያት ግቢውን ስዞር አነጋሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ናት። አሁን 11 ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። የምትማረው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው።

ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው የምንሄደው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እጄን ትለቅና «ቻው ቲቸር» ትለኛለች። ስንወጣ እዚያው በር ላይ እጇን ትሰጠኝና «እማዬ፣ ምሳ ምንድነው?» ትላለች። እናቷን «የስልኳ እናቴ» ነው የምትላት። ሌላ እናት እንዳላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነግሬያታለሁ። ያንን አልደበቅኩም።

ልጄ ስምንት ዓመት ቆይታ በ2015 ተመለሰች። እዚያ እያለች በየሦስት ወሩ ትልክ ነበር። የቤታችን ጣሪያ የተቀየረው በእሷ ገንዘብ ነው። በ2012 ግን ብሩም ስልኩም ቆመ። አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ድምጿ ጠፋ። ሞታ ይሆን ብዬ ስለት ተሳልኩ። ስትደውል ደግሞ ተናደድኩባት፤ ልጇን የረሳች መሰለኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ደህና ነበርኩ» ብላ ዘጋችው። እስከ ዛሬ አላወራችኝም። አሁን አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ከጓደኛዋ ጋር ቁርስ ቤት ከፍታለች። ኮንዶሚኒየም ተከራይታለች።

ለፋሲካ መጥታ «ከመስከረም ጀምሮ ልጄን ልውሰድ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ልጅቷ እናቷ ስትመጣ በር ኋላ ነው የምትቆመው። ያመጣችላትን ልብስ ለብሳ ታሳያታለች፤ ከዚያ አውልቃ፣ አጥፋ፣ የእናቷ ቦርሳ ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። እናቷ እሁድ እሁድ ማታ ትደውላለች። ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ጊዜ «ተኝታለች» አልኳት። ልጅቷ ግን ጎኔ ቁጭ ብላ የቤት ሥራ እየሠራች ነበር። «ማነው?» ስትለኝ «የተሳሳተ ስልክ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ያ አስተያየቷ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። 38 ዓመት ሙሉ ልጆችን «አትዋሹ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጎረቤቶቼ «እናት ማለት ያሳደገች ናት፣ እንዳትሰጫት» ይሉኛል። እህቴ ደግሞ «የድርሻሽን ተወጥተሻል፣ ይበቃሻል፣ እረፊ» ትላለች። ልጄ «አንቺም ነይ፣ አብረን እንኑር» ብላኛለች። ግን ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንን አውቃለሁ? ዕድሬ፣ ቤተ ክርስቲያኔ፣ የጓሮ እንሰቴ እዚህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 60 ይሞላኛል፤ ጡረታ እወጣለሁ። የመጨረሻ ዓመቴን ሳልጨርስ መውጣት አልፈልግም።

ልስጣት ወይስ ልያዛት? ለልጅቷስ ምን ብዬ ልንገራት?

አያት ነኝ፣ ከቡታጅራ

መልስ

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ። እጅዎን ለቅቃ «ቻው ቲቸር» የምትለው፣ ሲመለሱ ደግሞ እጇን ሰጥታ «እማዬ» የምትለው ልጅ። አንድን ሰው በሁለት ስም መጥራት የምታውቅ ልጅ ናት። የትኛው የት እንደሚባል ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማራት አይመስለኝም። ይህን ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «ተኝታለች» ስላሉት ነገር እናውራ። ምንም አይደለም ብዬ አልሸነግልዎትም። ምንም ባይሆን ኖሮ አይጽፉልኝም ነበር። ግን የክፋት ነገርም አድርጌ አላየሁትም። አሥር ዓመት ያቀፉትን ልጅ አንድ ማታ ጨምሮ ለማቆየት የተባለ ቃል ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ያን ማታ ስልኩ ሲጠራ የፈሩት ምን ነበር? እናቷ «መቼ ልምጣ?» እንዳትልዎት ነው? ወይስ ልጅቷ ስልኩን ይዛ ስትስቅ እንዳይሰሙ? ሁለቱ ይለያያሉ። ለእኔ መመለስ አያስፈልግዎትም። ብቻዎን ሲሆኑ ግን ያስቡት።

ከእርስዎ ውሸት በላይ እኔን ያሳሰበኝ የልጅቷ ዝምታ ነው። የ11 ዓመት ልጅ እሁድ ማታ የሚደውለው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ቀና ብላ ያየችዎት ስለገባት ነው። ምንም ያላለችው ደግሞ ለእርስዎ ብላ ይመስለኛል። እንዳይከፋዎት እያለች የምታውቀውን እንዳላወቀች መሆን ጀምራለች። ልብሱን አጥፋ ቦርሳው ላይ መመለሷም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ልብሱ ሳያምራት ቀርቶ አይደለም፤ ለብሳ አሳይታታለች እኮ። ብትይዘው እርስዎን የከዳች እንዳይመስል ነው። አያቷን የምትጠብቅ ልጅ ሆናለች። ይህ ለእሷ ትከሻ ይከብዳል። ከሁሉ በፊት መውረድ ያለበትም ይህ ነው።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ እሷ ብዙ የለም። ግን አንድ ዓመተ ምሕረት ጽፈዋል። ድምጿ የጠፋው በ2012 ነው ብለዋል።

እናቴ፣ 2012 ቤይሩት ለነበሩ እህቶቻችን ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ላስታውስዎት። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ አጣ። በዶላር ይከፈላቸው የነበሩ ሴቶች ደመወዛቸው በሊራ ተቀየረ፤ የብዙዎቹም ጭራሽ ቆመ። በላዩ ላይ ኮሮና መጣ። ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ደመወዛቸው ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረ ብዙ ነበሩ። መንገድ ዳር ነው ያደሩት። ሐምሌ 28 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

እዚያ አገር የቤት ሠራተኛ የምትኖረው ከፋላ በሚሉት አሠራር ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። የአገሩ የሠራተኛ ሕግ እሷን አይጨምርም። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ወስዶ የሚቆልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። «ልጄ ናፈቀችኝ» ብላ ብድግ ብላ መምጣት አትችልም። በልጅዎ ላይ ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደደረሰ አላውቅም፤ ምናልባት አንዱም አልደረሰ ይሆናል። ግን ስምንት ዓመት ያልመጣችው ስለረሳች ነው ብለው የያዙት ካለ፣ እባክዎ ለጊዜው ያስቀምጡት።

ሌላም የማስበው አለ። ቤይሩት ምን ትሠራ እንደነበር ጠይቀዋት ያውቃሉ? ከእነዚህ እህቶቻችን ብዙዎቹ ውለው የሚያድሩት የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ነው። ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። የራሷ ልጅ ደግሞ ቡታጅራ እርስዎ ጀርባ ላይ ናት። ጡት ያልጣለች ልጅ ሦስት ቀን አለቀሰች ብለዋል። ያን ጊዜ እናትየውም ጡቷ ወተት እንደያዘ ነበር አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠችው። ያንን ለማን ተናግራው ይሆን?

ይህን የምጽፈው እርስዎ ጥፋተኛ ነዎት ለማለት አይደለም። እርስዎም ልጅዎ ስምንት ዓመት የራቀችብዎት እናት ነዎት። ሁለታችሁም ስለዚያ ጊዜ አላወራችሁም። አሁን የምታወሩት ስለ ልጅቷ ብቻ ነው፤ እሱም «ልውሰድ» እና ዝምታ ሆኗል። ልጅዎ ስትመጣ አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ቡና አፍልተው አጠገቧ ይቀመጡ። «2012 ላይ ምን ሆነሽ ነበር?» ይበሏት። እንዳለፈው «ደህና ነበርኩ» ካለች «እሺ፣ መናገር ስትፈልጊ እሰማሻለሁ» ብለው ይተዉት። በሩ ክፍት መሆኑን ትወቅ።

ለልጅቷ ምን ልበላት ላሉኝ የራሴን ላጫውትዎት። እኔም ያደግኩት በአያቴ እጅ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ልትወስደኝ መጣች። እውነቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የፊት ጥርሴ ይነቃነቅ ነበርና «አዲስ አበባ ሄደሽ ጥርስሽን ታሳዪና ትመለሻለሽ» አሉኝ። አያቴም እንደዚያው አለችኝ። እሷ ስላለችው አመንኩ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ስበላ ጥርሴ በራሱ ወለቀ። ልጅ ሁሉ የወለቀ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ይወረውር የለ? እኔ አልወረወርኩም። ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ጠቀለልኩትና ኪሴ ከተትኩት። «ይኸው ወልቋል» ብዬ ካሳየሁ የሚመልሱኝ መስሎኝ ነው። እናቴ ስታየው ሳቀችና አቀፈችኝ። ያንን የተጠቀለለ ወረቀት ስንት ወር ይዤው እንደዞርኩ አልነግርዎትም።

እናቴን ወደድኳት። ጥሩ እናት ነበረች። ለበዓል አገር ቤት ስንሄድ ግን አያቴ ስትስመኝ ፊቴን አዞር ነበር። ያስቀየመኝ መሄዴ አይደለም፤ የጥርሱ ነገር ነው። እሷም ይህ ሳይገባት አለፈች። ስለዚህ «ለክረምት ብቻ ነው»፣ «ልትጎበኚ ነው» የሚል ነገር እንዳይነገራት አደራ እልዎታለሁ። ለክረምት ብቻ ከሆነ ለክረምት ብቻ ይሁን። ካልሆነ ግን አይባል።

እንዴት ይንገሯት? ዘመድ ተሰብስቦ አይሁን። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዛችሁ ይሁን። ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚነገረው ጎን ለጎን እየሄደ የሰማው ይቀለዋል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። «የዚያን ዕለት የደወለችው እናትሽ ነበረች። የተሳሳተ ስልክ ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» ይበሏት። «እናትሽን ብትወጂያት እኔ አይከፋኝም» የሚለውንም ከአፍዎ ትስማው። ገና ትንሽ ቢከፋዎትም ይበሉት። ቀጥሎ እናቷ አብራት መኖር እንደምትፈልግ ይንገሯት። ከዚያ ዝም ብለው ይራመዱ። ምናልባት ወዲያው ምንም አትልም። ከሦስት ቀን በኋላ ሽንኩርት ስትልጡ ትጠይቅዎታለች።

አንድ የማልስማማበት ጥያቄ አለ። «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት። የጠየቃትን ሰው ፊት አይታ ነው የምትመልሰው። ለእርስዎ «ካንቺ ጋር» ትላለች። ለእናቷ አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትላለች። ከዚያ እናንተ በየፊናችሁ የሰማችሁትን መልስ ይዛችሁ ትጣላላችሁ፤ እሷ ደግሞ አንዳችሁን ያስቀየመች ይመስላታል። ልትመልሰው የምትችለውን ይጠይቋት። ጀሞ ብትሄጂ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ? እናትሽ ስላንቺ እንድታውቅልሽ የምትፈልጊው ምንድነው? የሚያስፈራሽስ?

«ልስጣት ወይስ ልያዛት?» ብለዋል። ጎረቤቶችዎ አትስጫት ሲሉ እንደሚወዱዎት ይገባኛል። ግን በቤተሰብ ሕጉም ቢሆን ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው አሳዳሪውና ሞግዚቱ ወላጁ ነው። እናንተ ፍርድ ቤት የምትቆሙ ሰዎች አይደላችሁም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ አልቆይም። እህትዎም «ይበቃሻል» ማለቷ ትክክል አይመስለኝም። አሥር ዓመት ልጅ ያሳደገ ሰው በአንድ ቀን «ይበቃሻል» አይባልም፤ ልጅቷም አያቷ ገና አልበቃቻትም።

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። በሚመጣው መስከረም ጓዟን ጠቅልላ መሄዷ ይፈጥንባታል። ከእናቷ ጋር ገና አልተዋወቁም። የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለእርስዎም የማስተማሪያ መጨረሻ ነው፣ ለእሷም የስድስተኛ ክፍል ነው። ያንን ዓመት አብራችሁ ጨርሱት። በር ላይ «ቻው ቲቸር» የምትለው ለአንድ ዓመት ይቀጥል። ያ ዓመት አልቆ ክረምቱ ሲያበቃ ጀሞ ሄዳ ሰባተኛ ክፍልን እዚያ ትጀምር። አሁን ባለው አደረጃጀት ሰባተኛ ክፍል የመካከለኛ ደረጃ መጀመሪያ ነው። ብዙው ልጅ ከአዲስ ልጅ ጋር የሚቀላቀልበት ጊዜ ስለሆነ እሷ ብቻዋን እንግዳ አትሆንም።

ልጅዎ ይህን ስትሰማ «አሥር ዓመት ጠበቅኩ፣ አሁንም ጠብቂ ትይኛለሽ?» ብትል እውነት አላት። ስለዚህ ባዶ እጇን አይመልሷት። ቀኑ ይቆረጥላት፤ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ልጅቷም ታንብበው። እርስዎም ቀኑ ሲደርስ «ትንሽ ትቆይ» ላይሉ ቃል ይግቡ። ይህ የሚከብድዎት ይመስለኛል። ለዚህ ነው መጻፉ የሚያስፈልገው።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እናትነቷን የምትይዝበት ነገር ይስጧት። ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል። እስከ ዛሬ «የወላጅ ፊርማ» የሚለው ቦታ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ ልጅዎ ቁርስ ቤቱን ለአንድ ቀን ለጓደኛዋ ትታ ትምጣ። ካርዱን ልጅቷ ራሷ ለእናቷ ትስጣት፣ እናቷም ትፈርምበት። እርስዎ ያን ቀን ቲቸር ብቻ ይሁኑ። የወላጆች ስብሰባም ሲጠራ በስልክም ቢሆን ትስማ።

ደግሞ እናትየዋ ሁሌ የምትመጣው እርስዎ ቤት ነው፤ እንግዳ ሆና፣ ቦርሳ ይዛ። ልጅቷም በሩ ኋላ ትቆማለች። እስቲ አንድ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ተገናኙ። ጢያ መንገዳችሁ ላይ ነው። እሷ ከጀሞ፣ እናንተ ከቡታጅራ ኑና ትክል ድንጋዮቹ ጋ ተገናኙ። የእናንተ በር የለም፣ የእሷ ፎቅ የለም። እርስዎ አስተማሪ አይደሉ? ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች ለልጅቷ ያሳዩአት፤ ከዚያ «እግሬን ደከመኝ» ብለው ጥላ ፈልገው ይቀመጡ። ሁለቱ ይቁጠሩት ስንት ሰይፍ እንዳለ።

ክረምቱን፣ ማለቴ ሐምሌንና ነሐሴን፣ ልጅቷ ጀሞ ታሳልፍ። የመጀመሪያውን ሳምንት አብረው ይሂዱ። ከዚያ ተመልሰው ይምጡ። ማታ ማታ እርስዎ ይደውሉ፣ ግን «ናፈቅኩሽ ወይ?» አይበሏት፤ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ይበሏት። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሂሳብ ትያዝ፤ አምስተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ የፉልና የሻይ ሂሳብ አያቅታትም። እናቷ ልጅ እንዳመጣች ብቻ ሳይሆን አጋዥ እንዳገኘችም ይሰማታል። ለአዲስ ዓመት ትመለስልዎታለች። ለመስቀል ደግሞ ምን እነግርዎታለሁ፣ ቡታጅራ ነዎት! መስከረም 17 ጉራጌ አገር ማን ይቀራል? መርካቶው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። ልጅዎም ቁርስ ቤቷን ዘግታ ትምጣ። ክትፎው ቀርቦ ቤተሰቡ በሞላበት ቀን ልጅቷ ሁለታችሁን በአንድ ላይ ታያለች። ከሚቀጥለው ዓመት በኋላም እንደዚሁ ነው፤ ጀሞ ብትኖርም መስቀል ሁሌም የእርስዎ ቤት ነው። ይህንንም ያ ወረቀት ላይ ጻፉት።

አንድ የወረቀት ጉዳይ ላንሳ። የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ እናት ተብሎ የተጻፈው ማነው? ብዙ አያቶች ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲቸኩሉ በራሳቸው ስም ያስመዘግባሉ። እንደዚያ ሆኖ ከሆነ ከልጅዎ ጋር ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምን እንደሚያስፈልግ ከአሁኑ ጠይቁ። ትምህርት ቤት ለመቀየር መሸኛና ካርድ ስትይዙ ያኔ አያጣድፋችሁም።

ጀሞ መግባት አልፈልግም ማለትዎን አከብራለሁ። የአራተኛ ፎቅ ደረጃው ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ሰው 38 ዓመት የሠራበትን ከተማ ጥሎ የሚሄደው ወዶ ሲሆን ብቻ ነው። ልጅዎም «ነይ» ያለችው ከልቧ ይመስለኛል፤ ስለዚህ «አልመጣም» ብቻ ብለው አይዝጉት። «ለሳምንት እመጣለሁ» ይበሏት፤ ደግሞም ይሂዱ።

አሁን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ወዳለፉት ነገር ልመለስ። ጡረታ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የእናንተም ደወል ከቤትዎ የሚሰማ ከሆነ፣ ከዚያ ሰኔ በኋላ የሚመጣውን የመስከረም ጠዋት አሰብኩልዎት። ደወሉ ይደወላል፤ እርስዎ ቤት ነዎት፤ የሚይዙት ትንሽ እጅም የለም። ሁለቱም በአንድ ክረምት ነው የሚሄዱብዎት። እናቴ፣ «ተኝታለች» ያስባለዎት ያ ጠዋት ይሆን እንዴ? ከሆነ አይፈረድብዎትም። ግን ያንን ጠዋት ልጅቷ ልትሞላልዎት አትችልም፤ በራሱ መንገድ መያዝ አለበት።

አንድ ዓመት አለዎት። በአንድ በኩል ፋይልዎን ያስተካክሉ። የልደት ዘመንዎና ስምዎ በየወረቀቱ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ የቅጥር ደብዳቤዎ ፋይሉ ውስጥ መኖሩን ከአሁኑ ያረጋግጡ። መጨረሻ ላይ ወረቀት ፍለጋ የሚንከራተቱ ብዙ መምህራን አውቃለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ያስቡበት። በከተማዎ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ደርሰው ገና አንቀጽ የማያነቡ ልጆች እንዳሉ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አምስት ስድስቱን ግቢዎ ውስጥ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቢያስነብቧቸውስ? ዘንድሮ ክረምት ልጅቷ ጀሞ ስትሄድ ይሞክሩት። ጸጥታው ገና ሲጀምር ግቢው የልጅ ድምፅ ይኑረው።

መጀመሪያ ላይ ይያዙልኝ ያልኩዎት ነገር አለ። ልጅዎ አንድ ቀን «መቼ ነው እማዬ የምትለኝ?» ብላ መከፋቷ አይቀርም። አስቀድመው ያረጋጓት። ልጅቷ ስም እንድትቀይር ማንም አይለምናት፣ ማንም አያርማት። «የስልኳ እናቴ» ያለችው ራሷ ናት፤ እናትየዋ ከስልኩ ወጥታ አጠገቧ ስትቀመጥ ስሙን ራሷ ትቀይረዋለች። በበሩ ላይ «ቲቸር»ን ወደ «እማዬ» በየቀኑ የምትቀይር ልጅ አይደለች?

እሁድ እስክትደውል አይጠብቁ። ቅዳሜ ማታ እርስዎ ይደውሉላት። «ባለፈው ተኝታለች ያልኩሽ ጊዜ አልተኛችም ነበር» ይበሏት። ልትቆጣ ትችላለች፤ ትቆጣ፣ ይስሟት። ስትጨርስ ሰኔ 30 ካርድ እንደሚሰጥና የወላጅ ፊርማው እሷን እየጠበቀ እንደሆነ ይንገሯት። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ይስጧትና እርስዎ ወደ ጓዳ ገብተው ቡናዎን ይቁሉ። ከመስቀል በኋላ ይጻፉልኝ፤ ጢያ ላይ ስንት ሰይፍ እንደቆጠሩም እንዳይረሱ።